የተበላውን ቫልቭ ማንበብ፦ ስለ ሴራሚክ ገበር

 ይህ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ቀበሌዎች ሆናችሁ ለምትከታተሉን ሁሉ፣ በተለይም በፋብሪካ ጥገና ክፍል፣ በብየዳ ቤትና በቶርኖ ላይ ለምትሠሩ፣ ሙያውን ገና በመማር ላይ ላላችሁ ወጣቶችም የተዘጋጀ ዝግጅት ነው። የዛሬው ርእሳችን ቫልቭ ነው። ውሃ፣ እንፋሎት፣ ዘይት ወይም አሲድ በቧንቧ ሲሄድ የሚከፍተው፣ የሚዘጋውና የሚመጥነው ዕቃ ማለት ነው፤ የቧንቧ ሠራተኞቻችን ሳራቺኔስካ የሚሉትም አንዱ ዓይነት ነው። ቫልቭ ለምን ይበላል? ውስጡን ሴራሚክ አልብሶ ዕድሜውን ማራዘም የሚያዋጣው የት ነው? የትስ ቦታ ላይ ነው ገንዘቡ ዝም ብሎ የሚባክነው?

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሴራሚክ ከማዘዛችሁ በፊት የሞተውን ቫልቭ ፍቱትና አንብቡት። የሞተበት ምክንያት ገላው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ያን ጽሑፍ ሳያነብ ውድ ዕቃ የሚያዝ ሰው ለማያውቀው በሽታ መድኃኒት እየገዛ ነው።

ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ነው። ቡሬ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው በቆሎውና በርበሬው ነበር። ዛሬ ፋብሪካም አብሮ ይነሣል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም ይዞ የተቋቋመ ነው። የቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም በአገሪቱ መጀመሪያ ከተገነቡት ከአራቱ አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። ፋብሪካ ባለበት ቧንቧ አለ፣ ቧንቧ ባለበትም ቫልቭ አለ፤ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥማ በመቶዎች ይቆጠራሉ። አብዛኞቹ ሳይነኩ ዓመታት ያገለግላሉ። ጥቂቶቹ ግን በየጥቂት ወሩ ይሞታሉ። ሥራ የሚያስቆሙት፣ መለዋወጫ የሚያስፈልጋቸው፣ የውጭ ምንዛሪ የሚበሉት እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው።

ቫልቭ ከቧንቧው ቀድሞ የሚበላው ለምንድን ነው? ፈሳሹ በቀጥተኛ ቧንቧ ውስጥ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ቫልቩ ጋ ሲደርስ መንገዱ ይጠብበታል፤ ቫልቩ ሩብ ወይም ግማሽ ብቻ ሲከፈት ደግሞ ይበልጥ ይጠብበታል። ያው ፈሳሽ በጠባቡ ቀዳዳ ለማለፍ መፍጠን አለበት፤ አሸዋ ይዞ ከሆነ አሸዋውም አብሮት ይፈጥናል። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ያዙልኝ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ብረቱ የሚፋቅበት መጠን እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ከአራት እስከ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ጌት ቫልቭን፣ ያን ሳራቺኔስካ የሚባለውን፣ ግማሽ ከፍቶ የውሃ መመጠኛ ማድረግ ቫልቩን እያወቁ መግደል ነው። ጌት ቫልቭ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። መጠን መቆጣጠር ከተፈለገ ለዚያ የተሠራ ግሎብ ቫልቭ ወይም የመቆጣጠሪያ ቫልቭ አለ። ይህን ልማድ ማረም ሳንቲም አያስወጣም፤ ከሴራሚክ በፊት መምጣት ያለበትም እሱ ነው።

አሁን የሞተውን ቫልቭ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እንፍታው። ካስፈለገ በመጋዝ ለሁለት ክፈሉት፤ ከእንግዲህ አያገለግልም። ቆሻሻውን በውሃና በብሩሽ አንሡለት፤ ነገር ግን ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ከመፈግፈጋችሁ በፊት ቀለሙን እዩ፣ ፎቶም አንሡ።

ፈሳሹ በሄደበት አቅጣጫ የተሰመሩ፣ ለስላሳና የሚያብለጨልጩ ቦዮች ካያችሁ የገደለው አሸዋ ወይም ሌላ ጠጣር ደቃቅ ነገር ነው። መቀመጫው ላይ፣ ማለትም መዝጊያው ተጭኖ በሚገጥምበት ቀለበት ላይ፣ አንድ ጠባብ ሰርጥ ተቆርጦ ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። ያ ቫልቭ በደንብ ሳይዘጋ ቆይቷል፤ በትንሿ ክፍተት በከፍተኛ ግፊት የሾለከው እንፋሎት ወይም ውሃ ብረቱን ቆርጦታል። ለእንዲህ ያለው መነሻው አንድ የብየዳ ፍርፋሪ ወይም አንድ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ቅርፊት የሸፈነው ገጽ የዝገት ሥራ ነው። ገጹ ንጹሕ ሆኖ ግድግዳው በሙሉ እኩል ከሳስቶ ከሆነ አሲድን ጠርጥሩ። ከቫልቩ ወዲያ፣ ፈሳሹ በሚወጣበት በኩል፣ ብረቱ እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሮ ከተገኘ ደግሞ ግፊቱ በድንገት ወርዶ በፈሳሹ ውስጥ የተፈጠሩ የእንፋሎት አረፋዎች ገጹ ላይ እየተጨፈለቁ ጎድተውታል። ይህኛው ካቪቴሽን ይባላል፤ መድኃኒቱም በመጀመሪያ የግፊቱን አወራረድ ማስተካከል እንጂ ጠንካራ ዕቃ መግዛት አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው አሸዋና አሲድ አብረው ሲመጡ ነው። የማይዝግ ብረት፣ ስቴንለስ የምንለው፣ የማይዝገው ገጹ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ቆዳ ስላለው ነው። ቆዳው ሲጫር በራሱ ይሽራል። አሸዋ ሳያቋርጥ ሲፍቀው ግን የመሻሪያ ጊዜ አያገኝም፤ አሲዱም ራቁቱን ያገኘዋል። አሲዱ ያላላውን ብረት ተከታዩ የአሸዋ ቅንጣት በቀላሉ ይወስደዋል። ሁለቱ ተባብረው የሚያደርሱት ጉዳት እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚያደርሱት ድምር ይበልጣል። ሴራሚክ ቦታውን የሚያገኘው በትክክል እዚህ ነው።

ሴራሚክ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ብረት ያልሆነ፣ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ የጠነከረ ዕቃ ነው። የምዕራብ ጎጃም ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ከሚያወጡት ጀበናና ምጣድ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ልዩነቱ በንጽሕናውና በእሳቱ ላይ ነው። ለቫልቭ የሚሆነው አሉሚና ከ92 እስከ 99.5 በመቶ የጠራ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በቅርጽ ማውጫ ታምቆ በ1,600 ዲግሪ አካባቢ የተተኮሰ ነው። ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚተኮሰው ሸክላችን 1,000 ዲግሪ አይደርስም።

ለምን አይዝግም? ዝገት ማለት ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ አፈርነቱ መመለሱ ነው። አሉሚና ግን ከጅምሩ ኦክሳይድ ነው፤ ከኦክስጅን ጋር አስቀድሞ ተዋሕዶ ስላበቃ የሚዝግ ነገር አልቀረለትም። ለምን አይፋቅም? የዕቃ ጥንካሬ የሚለካው የአልማዝ ሹል ተጭኖ የሚተወውን ምልክት በማየት ነው። በዚህ ቪከርስ በሚባል መለኪያ ተራ ብረት ከ120 እስከ 200 ያገኛል። አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ 1,100 አካባቢ ነው። ብረቱ በአሸዋው መሸነፉ ከቁጥሩ ይታያል። አሉሚና 1,500 እና ከዚያ በላይ፣ ሲሊኮን ካርባይድ የሚባለው ሴራሚክ ደግሞ 2,500 አካባቢ ይደርሳሉ። ገበሩ ከአሸዋው ሲጠነክር መፋቁ በጥቂቱ ሳይሆን በብዙ እጅ ይወርዳል።

ይህን ብቻ ሰምቶ «እንግዲያው ሁሉንም ሴራሚክ እናልብሰው» የሚል ሰው እንዳይሳሳት፣ ድክመቱንም በዚያው ልክ መናገር አለብኝ። ሴራሚክ ይሰበራል። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፤ ሴራሚክ አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል። ከዚህ የተነሣ አሸዋው የሚመታበት አቅጣጫ ውጤቱን ይለውጠዋል። ብረት በጣም የሚፋቀው አሸዋው ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ባለ አንግል ገጹን እየጋጠ ሲያልፍ ነው። ሴራሚክ ደግሞ በጣም የሚጎዳው ፊት ለፊት፣ በ90 ዲግሪ ሲመታ ነው። ስለዚህ ፍሰቱ ገጹን ታክኮ በሚያልፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ መዝጊያው የተበሳ ኳስ በሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ በሚሠራ ቦል ቫልቭ ውስጥ፣ ሴራሚክ ያኮራል። ትላልቅ ጠጠር ፊት ለፊት በሚያርፍበት የቧንቧ ክርን ላይ ግን ያሳፍራል፤ እዚያ ወፍራም ጎማ የተሻለ ይሠራል።

ሁለተኛው ጠላቱ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ነው። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ምን እንደሚሆን እንጀራ የጋገረ ሁሉ ያውቃል። አሉሚናም የ200 ዲግሪ ያህል ድንገተኛ ለውጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። በዚያ ላይ ብረትና አሉሚና ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ብረቱ የአሉሚናውን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል፣ ስቴንለሱ ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ትስስር የሚፈተነው በዚህ ነው። ሴራሚክ የለበሰ ቫልቭ ያለበት የእንፋሎት መስመር ጠዋት ሲከፈት በቀስታ መከፈት ያለበትም ለዚህ ነው።

ዚርኮኒያ የሚባለው ሌላው ሴራሚክ ስብራትን ይበልጥ ይችላል። በ1975 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ስንጥቅ ወደ ውስጡ ሲገባ በስንጥቁ ጫፍ ያሉት ቅንጣቶች ቅርጻቸውን ለውጠው ያብጣሉ፤ ስንጥቁንም ጨቁነው ያቆሙታል። የአለጣጠጡ መጠንም ለብረት የቀረበ ነው። ሆኖም ኢትሪያ በሚባል ኦክሳይድ የተጠናከረው የተለመደው ዓይነት በ250 ዲግሪ አካባቢ እርጥበት ወይም እንፋሎት ሲያገኘው ከጊዜ ብዛት ከገጹ ጀምሮ ይበሰብሳል። ይህን ጉድለት ሻጭ ሁሉ አይነግራችሁም። ለእንፋሎት መስመር ዚርኮኒያ ያቀረበላችሁ ካለ የሙቀቱን ገደብ በጽሑፍ ጠይቁት።

አለባበሱስ? አንዱ መንገድ ቀድሞ የተተኮሰ ቀለበትና ቱቦ በብረቱ ገላ ውስጥ በጥብቅ ማስገባት ነው፤ ለቫልቭ የማምነው ይህን ነው። ሌላው ትናንሽ የአሉሚና ጡቦችን በኢፖክሲ ማጣበቅ ነው። ይህ ለትላልቅ ቧንቧና ለክርን ይሆናል፤ ድካሙ ሴራሚኩ ሳይሆን ማጣበቂያው ነው፤ እንደ ዓይነቱ ከ80 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይለቃል። ሦስተኛው ዱቄቱን በፕላዝማ ነበልባል አቅልጦ መርጨት ነው። ይህ ቅብ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ መፋቅን ይከላከላል፤ አሲድ ግን በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ከሥር ያለውን ብረት ይበላል። ለቧንቧ ደግሞ የሚያስደንቅ ዘዴ አለ። የብረት ኦክሳይድና የአሉሚኒየም ዱቄት በሚሽከረከር ቧንቧ ውስጥ ይለኮሳል፤ የሐዲድ ብየዳ የሚሠራበት የቴርሚት እሳት ነው። ከባዱ ቀልጦ የወጣው ብረት ወደ ግድግዳው ይጣላል፤ ቀላሉ አሉሚና በውስጥ በኩል እንደ ገበር ይረጋል።

እዚሁ በእጃችን የሚሠራው የሴራሚክ ቅንጣት የተቀላቀለበት የኢፖክሲ ሊጥ ነው። የተበላ የፓምፕ ገላን ወይም የቫልቭ ውስጠኛ ግድግዳን ሞልቶ ያድሳል። መቀመጫው ላይ ግን አትሞክሩት፤ እዚያ የሚፈለገውን ልክ አይሰጥም። ሊጡ የሚይዘው ደግሞ ብረቱ በአሸዋ ርጭት ተፍቆ፣ ቅባቱ ተጠርጎ፣ ፈጽሞ ደረቅ ሲሆን ነው። በክረምት፣ አየሩ በረጠበበት ሰዓት፣ ክፍሉን ሳያሞቁ የተለጠፈ ሊጥ እንደሚላቀቅ እርግጠኛ ሁኑ።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። የምግብ ዘይት በተለመደው መንገድ ሲጣራ፣ ድፍድፉ በጥቂት ፎስፎሪክ አሲድ ይታከማል፤ አሲድነቱ በኮስቲክ ሶዳ ይሰበራል፤ ከዚያ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ቀለም ከሚመጥ ሸክላ ዱቄት ጋር ይበጠበጣል፤ በመጨረሻም ከ200 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሽታው ይወጣለታል። ንጹሕ ዘይት የሚያልፍባቸው ቫልቮች ሴራሚክ አያሻቸውም፤ ዘይት ራሱ ቅባት ነው። መጠርጠር ያለበት ሸክላው ተበጥብጦ የሚሄድበት መስመር ነው። ሸክላው ለስላሳ ቢሆንም በውስጡ የሚቀር ደቃቅ ኳርትዝ ይፍቃል። ኮስቲክ ሶዳው ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። ጥራቱ 92 በመቶ የሆነ አሉሚና ቅንጣቶቹን አያይዞ የሚይዝ ብርጭቆ መሳይ ነገር አለው፤ የሞቀ ሶዳ እሱን ያሟሟዋል። ለዚያ መስመር 99.5 በመቶ ይጠየቅ። ሲሊኮን ካርባይድ ከሆነም ነጻ ሲሊኮን የሌለበት ይሁን።

በጃዊ በኩል ባለው የጣና በለስ ስኳር ልማት ያላችሁ የሙያ ጓደኞቻችን ሌላ ጠላት አላችሁ። ስኳር ሲመረት የሸንኮራውን ጭማቂ ለማጥራት በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ይጨመራል። ኖራው በደንብ ሳይጣራ ሲቀር በውስጡ የቀረው ጠጠር ቫልቭ ይፈጃል፤ ኖራው ራሱም እየደረቀ መቀመጫው ላይ ይጋገራል። እዚህ ላይ የሴራሚክ ቦል ቫልቭ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ወንፊቱ ይታይ።

ኩንዝላ አካባቢ ከጣና ሐይቅ ውሃ ወስዶ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ የሚያሻግረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ በአራት ተርባይኖች 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ውሃው ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ጣቢያ ከተርባይኑ በፊት በሚቆመው ዋና ቫልቭ ላይ ያለው ግፊት ከአየር ግፊት ሠላሳ እጥፍ ያህል ነው። ወንዞቹ የሚያመጡት ወፍራም አሸዋ አብዛኛው ሐይቁ ውስጥ መዝቀጡ ትልቅ ጸጋ ነው። ሐይቅ በሌለበት ምን እንደሚደርስ የኔፓሉ የጂምሩክ ጣቢያ ያሳያል። በ1994 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ይህ 12 ሜጋ ዋት ጣቢያ በኳርትዝ የተሞላ የዝናብ ወራት ውሃ ተርባይኖቹን በአጭር ጊዜ በልቶበታል። በሂማልያ አካባቢ ላሉ እንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች የተንግስተን ካርባይድ ቅብ መጠቀም የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው። ብር፣ ላህና ፈጣም በሐምሌና በነሐሴ ቀይ ጎርፍ ተሸክመው ወደ ዓባይ ሲወርዱ ያየ ሰው፣ ከወንዝ በቀጥታ ውሃ የሚስብ ማንኛውም ፋብሪካ ከፓምፑ በፊት የአሸዋ ማዝቀጫ ገንዳ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም።

መርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ 7,000 ሄክታር መሬት ለማጠጣት የተሠራ ነው። የመስኖ ተጠቃሚ የሆናችሁ አርሶ አደሮች ለቦይ በሮቻችሁ ሴራሚክ አትመኙ። ውሃው በዝግታ ይሄዳል፤ ግፊቱም ትንሽ ነው። የሚያስፈልገው ደለሉን በወቅቱ መጥረግ፣ የበሩን ጥርስ በግራሶ ማለስለስ፣ ቀለሙን ማደስ ነው።

ስለ አፈራችን አንድ ነገር ላክል። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ኖራ የምንበትንበትም ለዚሁ ነው። ያው አሲዳማ አፈር የተቀበረ ቫልቭን ከውጭ በኩል ይበላል፤ ከሁሉ በፊት ብሎኖቹን። የውስጥ ገበር ለዚህ አንዳች አይረዳም። የመጠጥ ውሃ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ቫልቩን በቀጥታ አፈር አታልብሱት፤ ውሃው የሚወጣለት የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ሳጥን ሥሩለት፤ ብሎኖቹንም ሬንጅ ወይም ግራሶ ቀቡ።

ቫልቩን አንብባችሁ ሴራሚክ እንደሚያስፈልግ ካረጋገጣችሁ፣ ማዘዣው ላይ «ሴራሚክ ቫልቭ፣ 4 ኢንች» ብላችሁ አትላኩ። ምን እንደሚያልፍበት፣ የሙቀቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ፣ ግፊቱን፣ የአሲዱን ወይም የሶዳውን መጠን፣ የጠጣሩን ዓይነትና የቅንጣቱን ስፋት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ጻፉ። የተበላውን ቫልቭ ፎቶም አያይዙ። ዕቃው ሲደርስ ከመግጠማችሁ በፊት ቧንቧውን በውሃ እጠቡት፤ የተረሳ አንድ ብሎን የሴራሚኩን ኳስ በመጀመሪያው ቀን ይሰብረዋል። የፍላንጁን ብሎኖች በመስቀለኛ፣ ቀስ በቀስ፣ እኩል አጥብቁ። ከተገጠመ በኋላ ገላው ላይ ብየዳ ፈጽሞ አይሞከር። የገጠማችሁበትን ቀን በቀለም ጻፉበት፤ አሮጌውንም የሞተበትን ቀን ጽፋችሁ መደርደሪያ ላይ አኑሩት፤ ተለማማጅ ተማሪዎች ሲመጡ የምታስተምሩበት እሱ ነው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ማሸጊያው፣ ስለ ጓርኒሲዮን፣ አመራረጥ እንነጋገራለን።